ያልተሰበሩት የአንገት ጎድኖች

ውድ መምህሬ ኦውያንግ፣

ቀዩ ጨርቅ ከአጽሙ ላይ ሲወርድ ሰው ሁሉ ወደ ላይ አየ፤ እኔ ግን ያየሁት ከአንገቱ ሥር ነው። ባዶ ነበር። ከድንጋይ ለማላቀቅ ሁለት ዓመት የፈጀሁባቸው ረጃጅም የአንገት ጎድኖች አንዳቸውም አልነበሩም። ዳይኖሰራችን አንገቱን እንደ ዝይ ጠምዝዞ ጣሪያውን ያያል፤ ከሥሩ ግን ሌባ ገብቶ የዘረፈው ይመስላል። ከአውራጃው የመጡት ወይዘሮ ባለፈው ዓመት የአጽሙን ሥዕል አይተው ስለነበር ጣታቸውን ቀስረው፣ "እነዚያ ቀጫጭኖቹስ የት ሄዱ?" ብለው ጠየቁ። የሙዚየማችን ዳይሬክተር ሚያኦ ወደ እርስዎ ዞሩ። እርስዎም ፈገግ ብለው እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና፣ "ምን ይደረግ፣ ትንሿ ፑ እጅ ላይ ተሰበሩ። ወጣት ናት፣ ትማራለች" አሉ።

ሰው ሁሉ በደግነት ሳቀልኝ። ከስድብ ሁሉ የከፋው እሱ ነበር።

ዕለቱ ዘንዶው ከክረምት እንቅልፉ ነቅቶ ራሱን የሚያነሳበት የበዓል ቀን ነበር፤ ወንዶቹ ሁሉ ለመልካም ዕድል ጸጉራቸውን ተስተካክለው ስለመጡ አዳራሹ በተላጨ ማጅራት ተሞልቷል። የእርስዎም እንደተላጠ ድንች ያብረቀርቅ ነበር። እሱን እያየሁ ዝም አልኩ። ደቀ መዝሙር መምህሩን በእንግዳ ፊት አያርምም። መጀመሪያ የተቀበሉኝ ቀን ሻዩን በሁለት እጄ ሳቀርብልዎ፣ ሳይነገረኝ የገባሁት ቃል ይህ ነበር። ቃሌን ጠበቅኩ። አሁን አንድ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ዝምታውም በቅቶኛል።

ይህን የምጽፍልዎ ከፋኖስ መሥሪያው፣ ሽቦና ሐር የአውሬ መብራት ከሚሆኑበት ቤት ሆኜ ነው። ጣቶቼ በሙጫ ተጣብቀዋል፤ አጠገቤ ግማሽ ሐር የለበሰች የፓንዳ ፋኖስ በአንድ ዓይኗ ታፈጥብኛለች፣ ሌላኛውን ነገ እንገጥምላታለን። ስለዚህ እንባ የረጠበ ደብዳቤ አይጠብቁ። ደህና ነኝ። እንዲያውም ወፍሬያለሁ።

ከመናደዴ በፊት ግን የሚገባዎትን ልስጥዎ። ከዩኒቨርሲቲ ስመጣ አጥንት የማውቀው በመጽሐፍ ነበር። እዚያ ሐምራዊው ኮረብታ ላይ፣ በዚያ በማያባራ ካፊያ፣ ጃንጥላ ሥር ተንበርክኬ አጥንቱን ከድንጋዩ መለየት ሲያቅተኝ፣ "ላሺው" አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። "ላሺው እንጂ! ምላስሽን ከያዘው አጥንት ነው፤ ካልያዘው ድንጋይ ነው።" ላስኩት፣ ምላሴም ተጣበቀ። ሠራተኛው ሁሉ እያየኝ፣ "እንኳን ደስ አለሽ፤ መቶ ስልሳ ሚሊዮን ዓመት የቆየ ምሳ ቀመስሽ!" አሉኝ። እስከ ማታ አፌ ውስጥ አፈር ነበረኝ፤ እስከ ማታም ስስቅ ነበር።

የመጀመሪያውን የአንገት አንጓ የገለበጥንበትን ቀንም አልረሳሁትም። በጆንያና በጀሶ ጠቅልለን፣ ቀርከሃ ደግፈንበት፣ ስምንት ሰው በትከሻ ተሸክሞ እየዘፈነ አወረደው። ተከፍቶ ሲጸዳ ግን የገላ መታጠቢያ ገንዳ የሚያህለው አጥንት ውስጡ ክፍት ሆኖ ተገኘ። ጎንና ጎኑ ጉድጓድ፣ ግድግዳው አንዳንድ ቦታ እንደ ሸክላ ሳህን የሳሳ። "እዚህ ውስጥ የነበረው አየር ነው" አሉኝ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅሱ ይመስል። እንደ ወፍ ከሳንባው የሚነሱ የአየር ከረጢቶች አጥንቱ ድረስ ዘልቀው እንደሚገቡ፣ ይህ ባይሆን ያን የሚያህል አንገት ተሸክሞ መቆም እንደማይቻል ነገሩኝ። ከአሥራ ስምንቱ አንጓ አንዱ እንኳ ድፍን ቢሆን ኖሮ፣ ምስኪኑ አፍንጫውን ከጭቃ ማንሳት አይችልም ነበር። ግዙፍ ነገር ሁሉ ከባድ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ያን ቀን ግዙፍነት በአብዛኛው አየር መሆኑን ተማርኩ። ይህን ትምህርት በኋላ ስለ አንዳንድ ሰዎችም ተጠቅሜበታለሁ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ስለ አየሩ ግድ አልሰጣትም። እሷ የፈለገችው አመጋገቡን ነበር። ጭንቅላቱ ከፈረስ ጭንቅላት እንደማይበልጥ፣ ጥርሱ ቅጠል ለመንጨት እንጂ ለማኘክ እንዳልተሠራ፣ የነጨውን ሁሉ እንዳለ እየዋጠ ወደዚያ ጎተራ ወደሚያህል ሆዱ እንደሚልክ፣ ሆዱም ለቀናት እያፈላ እንደሚያብሰለው ነገርኳት።

"ቀና ሳይል?" አለች።

"ቀና ሳይል። አንድ ቦታ ቆሞ አንገቱን ከግራ ወደ ቀኝ እየወሰደ ዙሪያውን ያጭዳል። ሲያልቅበት ትንሽ ራመድ ይላል።"

"በይ እንግዲህ የአጎትሽ የዢያን ዘመድ ነው። ሠርግ ላይ አይተሽው የለ?"

እኔ ግን ያን ኑሮ ወደድኩት። ያን የሚያህል ገላ አንድ ቦታ አቁሞ፣ በአንገት ብቻ ሩቅ መድረስ። ሲፈለፈል ደግሞ ሰው ክንድ ላይ የሚያርፍ ጫጩት ነበር፤ ከዚያ እየበላ፣ ሌላ ምንም ሳያደርግ ማለት ይቻላል፣ ቤት አከለ።

ጎድኖቹ የእኔ ነበሩ። ይህን ያለ ትሕትና እላለሁ። መጀመሪያ ሲታዩ፣ "የደረቀ ጅማት ይሆናል፣ ተዪው" ብለውኝ ነበር። አልተውኩትም። እንደ ጣት የቀጠነውን ዘንግ በመርፌ እየተከተልኩ፣ አቧራውን እፍ እያልኩ፣ ከአንጓው ሥር ሲበቅል አገኘሁት። ከዚያ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የሚቀጥለውን አንጓ ያልፋል፣ ሌላውንም ያልፋል፣ የሦስተኛው ሥር ይደርሳል። አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ፣ እንደታሰረ የቀርከሃ ልጥ፣ አንገቱን ከሥር ይዞት ይሄዳል። ትልቁ የእኔን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህላል። ይህን ሳሳይዎ መነጽርዎን አውልቀው ጠረጉና፣ "ተሳስቻለሁ፤ ደስ ሲል!" አሉ። ተሳስቻለሁ ብሎ የተደሰተ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ለሥራ ቤቱ ሁሉ ምሳ ጋበዙ። እንዲያ ያለ መምህር ያገኘሁ ዕድለኛ ነኝ ብዬ አደርኩ።

ታዲያ የሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። አጽሙ ለሕዝብ ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ዳይሬክተር ሚያኦ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ።

"አንገቱ ለምን እንዲህ ተዘረጋ?"

"አኗኗሩ እንዲህ ስለነበር ነው" አልኳቸው።

"የምንከፍተው ዘንዶው ራሱን በሚያነሳበት ቀን ነው። በዚያ ቀን የዘንዶው አያት አቀርቅሮ እንግዳ ይቀበል?"

"አላቀረቀረም፤ ከትከሻው ትንሽ ከፍ ብሏል። እንደ ዝይ ይጠምዘዝ ከተባለ ግን ጎድኖቹ አይፈቅዱለትም።"

"ለመሆኑ ጎድኖቹን ዳይሬክተር አድርጎ የሾማቸው ማን ነው?"

ሁሉም ሳቀ። እርስዎም ሳቁ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ እርስዎ "እናየዋለን፣ አትጨነቂ" አሉኝ። በመክፈቻው ዋዜማ እንግዶች እንድቀበል ወደ ከተማ ላኩኝ፤ ስመለስ ጨርቁ ተጋርዷል። ጎድኖቹ ካልወረዱ አንገቱ እንደማይታጠፍ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ አወረዷቸው። ይህን እንኳ ይቅር እል ነበር፤ የአለቃ ትእዛዝ ነው። ይቅር ያላልኩት ወይዘሮዋ ሲጠይቁ የሆነውን ነው። "ለበዓሉ ብለን አወረድናቸው" ማለት ዳይሬክተሩን ያሳፍራል። "አላውቅም" ማለት እርስዎን ያሳፍራል። ዙሪያውን ሲያዩ ማፈር የሚችል አንድ ትከሻ አገኙ።

ከዚያ "እጅሽ እስኪረጋጋ" ተብዬ ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ ተቀመጥኩ። ወር ሳይሞላኝ ለቀቅኩ። የእናቴ ጥንቸል ቤት፣ የጥንቸል ሥጋ በበርበሬ የምትሸጥበት ምግብ ቤት፣ ደንበኞች በደስታ ተቀበሉኝ። "አጥንት ሰባሪዋ መጣች! በሉ ጥንቸሉን እሷ ትከትክትልን!" እናቴ መክተፊያውን በቢላዋ ደለቀችና፣ "የምትሰብረው ምላሱ የረዘመውን ነው፤ ማን ይቅደም?" አለች። ጸጥ ብለው በሉ። ግን ከተማው ትንሽ ነው፤ ሌላ ሙዚየም ሥራ ስጠይቅ ወሬው ቀድሞኝ ይደርሳል። አጥንት የምትሰብር አጥንት አጽጂ ማን ይቀጥራል?

እትዬ ዶውን ያገኘኋት እዚያው ጥንቸል ቤት ነው፣ በርበሬው አፏን አቃጥሏት በእጇ እያራገበች። የፋኖስ ሠሪዎች አለቃ ናት፤ ስታወራ ከሩቅ ይሰማል።

"ያንን አውሬ ታውቂዋለሽ የሚሉት አንቺን ነው? ለፋኖስ በዓሉ መግቢያው ላይ አንድ ላቆም ነው። በየዓመቱ የምንሠራው አንገት ዝይ ነው፤ ዝይ ሰለቸኝ።"

"እኔ የምሠራው ቀጥ ያለ ነው" አልኳት።

"ቀጥ ያለ ይወድቃል እኮ ልጄ።"

"ይህኛው አልወደቀም።"

ወደቀ። ሽቦውን በይደን፣ ሐሩን ወጥረን፣ በመጀመሪያው ነፋስ አንገቱ ተንጋዶ አፍንጫውን ከአበባ መደቡ ሰካ። እትዬ ዶው ባርኔጣዋን አውልቃ በሐዘን ቆመች። "ቀብሩ መቼ ነው?" አለች። ሠራተኞቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንፈራፈሩ። እኔ ግን አንዴ ተዋርጄ ነበርና ከእልኬ በቀር የማጣው አልነበረኝም። ቀርከሃ ሰነጠቅኩ። እያንዳንዱን ልጥ ከአንዱ አንጓ ሥር አስነስቼ፣ ልክ ጎድኖቹ እንደነበሩት፣ አንዱን በሌላው ላይ እየደረብኩ ወደ ኋላ ሰደድኳቸው። ነፋሱ ሲመጣ አንገቱ ትንሽ ተወዛወዘና ጸና። እትዬ ዶው በዱላ ገፋችው፣ ጸና። አንዱ ተንጠለጠለበት፣ ጸና፤ ሰውዬው ግን ሱሪው ተቀደደ።

ያውቃሉ፣ ፋኖስ ማስረጃ አይደለም። ሽቦና ሐር ሥጋና ጡንቻ አይሆንም፤ ይህን ጥንቃቄ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሰውን ቆም አድርጎ ማስጠየቅ ግን ይችላል። ጎድኖቹን ቢጫ ሐር አለበስኳቸው፤ የቀረውን ገላ አረንጓዴ። መብራት ሲበራ ሰው በአንገቱ ሥር ሲያልፍ ወደ ላይ እያየ ይሄዳል።

በበዓሉ የመጀመሪያ ምሽት ከዳይሬክተር ሚያኦ ጋር ሲመጡ እኔ ከእግሩ ኋላ ነበርኩ። አንድ አዛውንት ከጓደኛቸው ጋር ቆመው ይከራከሩ ነበር።

"ሙዚየሙ ያለው ላይ እኮ እነዚህ የሉም።"

"ልጅቷ ሰብራቸው ነዋ።"

"ሰባሪ ከሆነች የቱ የት እንደሚገባ እንዴት እንዲህ አወቀች? እኔ የሰበርኩት ሰዓት ውስጡ ምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም።"

እትዬ ዶው ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረባትም። "ዳይሬክተር! የእናንተኛው አንገቱን ምን ሆኖ ነው እንደዚያ የዞረው? ትራስ ሳይመቸው ነው ያደረው?" ሕዝቡ ፈነዳ። ዳይሬክተሩ ወደ እርስዎ ዞሩ፣ ያኔ እንዳደረጉት። እርስዎ ግን አልሰሟቸውም። አንገትዎን አቅንተው፣ እያንዳንዱን ቢጫ ጎድን ከጫፉ እስከ አንጓው በዓይንዎ ሲከተሉ፣ ከንፈርዎ ሲቆጥር አየሁ። ሰው ሁሉ ተረስቶዎት ነበር። እውነቱን ልንገርዎ፣ በዚያች ቅጽበት እንደገና ወደድኩዎ። በጣም አናደደኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ ጥንቸል ቤት መጡ። እናቴ ሆን ብላ ለጠላት የምታዘጋጀውን ሳህን አቀረበችልዎ። አፍንጫዎ እየፈሰሰ፣ "ጎድኖቹ ደህና ናቸው። በጥጥ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ" አሉኝ።

"አውቃለሁ" አልኩ።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ያወረዷቸው እርስዎ ስለሆኑ። እርስዎ አጥንት ሰብረው አያውቁም።"

አቀረቀሩ። ከዚያ ያሰቡትን ነገሩኝ፤ ዳይሬክተሩም ተስማምተውበታል። አንገቱ ይስተካከላል፣ ጎድኖቹ ይመለሳሉ፣ እኔም ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ለሰዉ የሚነገረው ግን ትንሿ ፑ የተሰበሩትን ጎድኖች አንድ በአንድ ጠግና አዳነቻቸው ተብሎ ነው። ስሜ በትልቁ ይጻፋል። "ለሁላችንም ከዚህ ጉዳይ በክብር መውረጃ ደረጃ ነው" አሉ። "ማንም አያፍርም። አንቺም ትከብሪያለሽ።"

እናቴ ከመክተፊያው ኋላ ሆና፣ "ያልሰበረችውን ጠገነች? ጎበዝ ልጅ! እኔም እንግዲህ ዛሬ ያላረድኩትን ጥንቸል ላቅርብላችሁ" አለች። እርስዎ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ሁለታችንም በርበሬው ነው ብለን ዓይናችንን ጠረግን። ዘንዶው ራሱን ከሚያነሳበት ቀን በፊት መልስ እንድሰጥዎ ለመኑኝ። መልሴ ይህ ነው።

አላማለለኝም ብል እዋሻለሁ። አንገቱን በትክክሉ ማየት ከምንም በላይ እፈልጋለሁ፤ መርፌዬንም፣ ጠረጴዛዬንም፣ የእርስዎን ጉርምርምታም ናፍቄያለሁ። እሺ ልል ነበር። ከዚያ ግን ማሰብ ያለብኝን አሰብኩ፦ ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ጎድኖቹ። መምህር፣ የዚህ እንስሳ ትልቁ ነገር የእነሱ ርዝመት ነው። አንገቱ እንዴት እንደቆመ፣ ምን ያህል እንደተጠመዘዘ፣ የት ድረስ ሊበላ እንደቻለ፣ ሁሉም የሚነገረው ከድንጋይ ሳይቆረጡ በመውጣታቸው ነው። ተሰብረው ተጠገኑ ብለን ከጻፍን ነገ ከሩቅ አገር የሚመጣ ተመራማሪ ምን ይላል? "ከስብርባሪ የተገጣጠመ ነው፤ ርዝመቱን የወሰኑት የጠገኑት ሰዎች ናቸው" ብሎ ይዘጋዋል። ልክም ነው። እኔም ብሆን እዘጋዋለሁ። ያን ሁሉ ዘመን መሬት ሥር ሳይሰበሩ ኖረው፣ ከእኔ መርፌ ተርፈው፣ ከእርስዎ እጅ ተርፈው፣ በአንድ የግድግዳ ጽሑፍ እንሰብራቸዋለን። ያን ጊዜ ማንም አይጠግናቸውም።

ስለዚህ የምፈልገውን ልንገርዎ። ሣጥኑ በሰው ፊት ይከፈት። ወይዘሮዋም ይጠሩ። እርስዎ በራስዎ አፍ፣ "ያወረድኳቸው እኔ ነኝ፤ አንዱም አልተሰበረም" ይበሉ። ይህን ማለት ያውቁበታል፤ ተሳስቻለሁ ብለው ሲደሰቱ አይቻለሁ። ዳይሬክተሩ ቢቆጡ ቆጣ ይበሉ፤ ከእኛ አውሬ አይበልጡም፣ በብዛትም አየር ናቸው። ከዚያ እርስዎ ከላይ፣ እኔ ከሥር ሆነን ጎድኖቹን አብረን እንመልሳቸዋለን። ከእርስዎ በቀር ማንም ጫፋቸውን እንዲይዝልኝ አልፈልግም። ምሳ እኔ እጋብዛለሁ፤ በርበሬውን እናቴ እንድትቀንስ እለምናታለሁ።

እምቢ ካሉም አልሞትም። እትዬ ዶው ለሚመጣው ዓመት ከዘንድሮው እጥፍ የሚሆን አዝዛኛለች፤ ቦታውንም መርጠነዋል፣ ከሙዚየሙ በር ፊት ለፊት። በየዓመቱ አቆመዋለሁ። ቀጥ ያለ አንገት፣ ቢጫ ጎድን፣ ሁሉም በቦታው። ሰዉም ከእርስዎ አዳራሽ እየወጣ በየዓመቱ ይጠይቅዎታል።

ዘለፋዬ ከበዛ ከፍቅር ነው፤ ማነሱንም አልፈልግም። ጤናዎን ይጠብቁ፣ ካፊያ ላይ አይንበርከኩ። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ ይሁንልን፦ አክብሮቴን በዝምታዬ እንዲለኩት ከእንግዲህ አልቀበልም። ያላጠፋሁትን ጥፋት አልቀበልም፤ ያላጠፋሁትን አርማለች ተብሎ የሚሰጠኝን ምስጋናም አልቀበልም።

ደቀ መዝሙርዎ፣
ፑ ዪንግሹ